ሰንጢና ጩቤ ሰብሳቢዎች ከስለቱ ይልቅ ምን ይመለከታሉ?

አንድ አሮጌ ሰንጢ በሰብሳቢ እጅ ሲገባ በቅድሚያ የሚፈተሸው መቁረጥ አለመቁረጡ አይደለም። ስለቱ ይከፈታል፤ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ሥሩ ወደ ብርሃን ይዞራል፤ ከዚያም አጉሊ መነጽር ይቀርባል። የሚፈለገው በብረቱ ላይ የታተመች፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ጽሑፍ ናት።

ያቺ ጽሑፍ ቢላዋው የት አገር፣ በማን እጅ፣ አንዳንዴም በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ትናገራለች። ጽሑፏ ከጠፋች ወይም ከተጭበረበረች የዕቃው ታሪክም አብሮ ይጠፋል።

በኪስ የሚያዙ ሰንጢዎችንና የማይታጠፉ ቢላዋዎችን የሚሰበስቡ፣ ፎቶግራፋቸውንም እያነሡ እርስ በርስ የሚለዋወጡ ሰዎች በብዙ አገሮች አሉ። ለእነሱ ፎቶግራፍ መታያ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ነው። ዕቃው ቢሸጥ፣ ቢሰረቅ ወይም በሕግ ቢታገድ እንኳ መዝገቡ ይቀራል።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችንም ይነካል። ከአያት የተወረሰ ጩቤ ወይም ጎራዴ በሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ቤተሰብ በስለቱ ላይ የሠሪውን ስም ቢፈልግ ብዙውን ጊዜ አያገኝም። ለምን እንደማያገኝና ምን ማድረግ እንደሚችል ለመረዳት፣ ሰብሳቢዎች አንድን ቢላዋ እንዴት እንደሚያነቡ ማወቅ ይጠቅማል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተጣፊውና የማይታጠፈው

በአማርኛ ሰንጢ የሚባለው ስለቱ ወደ እጀታው ታጥፎ የሚገባ ቢላዋ ነው። ስለቱና እጀታው ሳይላወሱ አንድ ሆነው የተሠሩት ደግሞ እንደ ቅርጻቸውና እንደ አገልግሎታቸው ካራ፣ ቢላዋ ወይም ጩቤ ይባላሉ። ማደሪያቸውም ሰገባ ወይም አፎት ይሰኛል።

የማይታጠፈው ቢላዋ ብረቱ ወደ እጀታው ውስጥ ስለሚዘልቅ ጫናን ይችላል። አራጁም፣ አዳኙም፣ እንጨት ጠራቢውም የሚመርጠው ለዚህ ነው። ሰንጢ በበኩሉ ስለቱን የሚይዘው አንድ ችንካር በመሆኑ ጥንካሬው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ሰገባ ሳያስፈልገው በኪስ ይገባል።

በቀደመው ዓይነት ሰንጢ ስለቱን ከፍቶ የሚያቆመው በእጀታው ጀርባ ያለው ሞላ ብቻ ነው። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሰንጢዎች ግን ሲከፈቱ የሚቆለፉ ናቸው። ይህ ልዩነት ለሰብሳቢ የአሠራር ጉዳይ ሲሆን፣ ለፖሊስና ለዳኛ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ የሕግ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ተጣፊ ቢላዋ የቅርብ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚገኘው ፊትዝዊሊያም ቤተ መዘክር በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን መሣሪያ አለው። ቢላዋ፣ ማንኪያ፣ ሹካና ሌሎች መሣሪያዎች በአንድ እጀታ ተጣጥፈው የሚገቡበት ነው።

ከገበሬ ኪስ እስከ ሰብሳቢ መሳቢያ

ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ስማቸው የሚነሣው ብዙዎቹ ሰንጢዎች ሲሠሩ ለጌጥ አልተሠሩም። የገበሬ፣ የወታደርና የተማሪ ዕቃ ነበሩ።

በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ሥር፣ ሳቮዋ በተባለው አውራጃ፣ ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ለአካባቢው ገበሬዎች ቀላል የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ሠራ። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 በመጠን ተለይቶ ወጣ። ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የተጨመረው በ1955 ስለሆነ፣ ቀለበት የሌለው የቀድሞ ኦፒኔል ሰብሳቢን ያጓጓል።

የስዊዝ ወታደር ሰንጢ ታሪክ ደግሞ ብዙዎች የማይጠብቁት መነሻ አለው። የስዊዘርላንድ ጦር ወታደሮቹ የቆርቆሮ ምግብ የሚከፍቱበትና ጠመንጃ የሚፈቱበት መሣሪያ ሲፈልግ፣ በአገሩ ያን ያህል ብዛት የሚሠራ ፋብሪካ አላገኘም። በ1891 የተረከባቸው የመጀመሪያዎቹ 15 ሺህ ሰንጢዎች የተሠሩት በጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ነበር።

በኢባህ መንደር በ1884 የቢላዋ መሥሪያ የከፈተው ካርል ኤልዘነር ሥራውን ወደ አገሩ መለሰው። በ1897 ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ የጨመረበትን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። በ1909 እናቱ ቪክቶሪያ ስታርፍ ለድርጅቱ ስሟን ሰጠው፤ በ1921 ደግሞ የማይዝግ ብረትን የሚያመለክተው ‘ኢኖክስ’ የሚለው ቃል ተቀጽሎ ቪክቶሪኖክስ የተባለው ስም ተፈጠረ።

ስለዚህ በስለቱ ሥር ‘ቪክቶሪያ’ ብቻ የሚል ሰንጢና ‘ቪክቶሪኖክስ’ የሚል ሰንጢ፣ መልካቸው ቢመሳሰል እንኳ፣ የተለያየ ዘመን ልጆች ናቸው።

በጃፓን ሂጎኖካሚ የተባለው ሰንጢ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሚኪ ከተማ ይሠራ ነበር። አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ እጀታና አንድ ስለት ብቻ ያለው ርካሽ ዕቃ ሲሆን፣ የትምህርት ቤት ልጆች እርሳስ ይቀርጹበት ነበር።

በጥቅምት 1960 የጃፓን ሶሻሊስት ፓርቲ መሪ ኢነጂሮ አሳኑማ ቶኪዮ ውስጥ መድረክ ላይ ሳሉ በ17 ዓመት ወጣት በሰይፍ ተወግተው ተገደሉ። በተከተለው ድንጋጤ ቢላዋ ከልጆች እጅ እንዲወጣ ዘመቻ ተጀመረ። መግደያው ሰንጢ ባይሆንም ሂጎኖካሚ ከተማሪ ኪስ ወጣ፤ ሠሪዎቹም አንድ በአንድ ሥራቸውን ተዉ።

አንድ ቢላዋ ከዕለት ተዕለት ኑሮ ሲወጣ የአሠራሩን ዝርዝርና የሠሪዎቹን ማኅተም የሚያስታውሱት በአብዛኛው ሰብሳቢዎችና ቤተ መዘክሮች ብቻ ይሆናሉ።

ትንሿ ማኅተም ምን ትላለች?

በእንግሊዟ የሼፊልድ ከተማ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። ከሥራዎቹ አንዱ እያንዳንዱ ሠሪ በብረቱ ላይ የሚመታውን ምልክት መመዝገብ ነበር። ዓላማው ገዢው መጥፎ ቢላዋ ቢደርሰው ማን እንደሠራው እንዲያውቅ ነው።

ዛሬ ያ ምልክት ለሰብሳቢው የልደት ምስክር ወረቀት ሆኖ ያገለግላል።

አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አስገደደ። በዚህ ምክንያት ‘ኢንግላንድ’ ወይም ‘ጀርመኒ’ የሚል ቃል የታተመበት ስለት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሕግ በኋላ የተሠራ ነው።

በፔንሲልቬንያ ብራድፎርድ ከተማ የሚገኘው ኬዝ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ነጠብጣብ ይጠቀማል። በ1970 በስሙ ሥር አሥር ነጥቦችን አተመ፤ በየዓመቱም አንዷን ቀነሰ። አምስት ነጥብ ያለው ሰንጢ የ1975፣ አንድ ነጥብ ያለው የ1979 ሥራ ነው ማለት ነው። በ1980 በተለየ የፊደል ቅርጽ እንደገና ከአሥር ጀመረ።

በዚሁ ፋብሪካ ሰንጢዎች ላይ የሚታየው ቁጥርም ትርጉም አለው። ‘6254’ በሚለው ቁጥር የመጀመሪያው 6 እጀታው ከአጥንት መሆኑን፣ 2 ስለቶቹ ሁለት መሆናቸውን፣ 54 ደግሞ የቅርጹን ዓይነት ያመለክታል።

ማኅተም ዋጋ ስለሚያወጣ አስመሳዮችን ይስባል። ያልነበረ ማኅተም ይመታል፤ የተሰበረ ስለት ወጥቶ ከሌላ ሰንጢ የተነቀለ ይገባል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ የሚጠራጠረው ነገሮች ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ነው። ስለቱ በሞረድ አልቆ ማኅተሙ እንደ አዲስ ከደመቀ፣ ወይም እጀታው አርጅቶ ችንካሩ ትናንት የተመታ ከመሰለ፣ ታሪኩ ተነካክቷል ማለት ነው።

ፎቶግራፉ ምን ማሳየት አለበት?

የሚያምር ፎቶግራፍና የሚጠቅም ፎቶግራፍ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በደማቅ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ከሩቅ የተነሣ ቢላዋ ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማኅተሙ ካልተነበበ ለመዝገብነት አይበቃም።

ለአንድ ሰንጢ ጠቃሚ የሚባሉት ፎቶዎች ቢያንስ ስድስት ናቸው፦ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ በአንዱ ጎን፣ ተከፍቶ በሌላው ጎን፣ በጀርባው ሞላው እየታየ፣ የማኅተሙ ቅርብ ምስል፣ እንዲሁም ስንጥቅ ወይም ዝገት ካለ ጉዳቱ ራሱ። ለማይታጠፍ ቢላዋ ሰገባው ከፊትና ከኋላ ይጨመራል።

ከቢላዋው ጎን ማስመሪያ ማስቀመጥ መጠኑን ከክርክር ያድናል። ሳንቲምም ያገለግላል፤ ሆኖም የሌላ አገር ተመልካች የሳንቲሙን ስፋት ላያውቅ ይችላል።

ትልቁ ችግር ብርሃን ነው። የተወለወለ ብረት እንደ መስታወት በመሆኑ የካሜራ ፍላሽ ሲያርፍበት ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ይታያል። በመስኮት በኩል የሚገባ፣ በስስ ነጭ መጋረጃ የለዘበ የቀን ብርሃን ይሻላል። የደበዘዘ ማኅተም የሚነበበው ግን ብርሃኑ ከጎን ተንሸራቶ ሲመጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ የፊደላቱ ጉድጓድ ጥላ ይይዛል።

ፎቶ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ጽሑፉ ነው። ቢላዋው ከማን ተገኘ፣ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ርዝመት አለው፣ ምን ተጠገነ? ይህ ካልተጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ ምስሉን የሚያየው ሰው ብረት እንጂ ታሪክ አያይም።

ለሌሎች በሚጋራ ፎቶ ላይ መታየት የሌለባቸውም ነገሮች አሉ። የቤት አድራሻ፣ የዕቃው ማስቀመጫ ቦታና የልጆች ፊት በፎቶው ባይገቡ ይመረጣል። ስልክ ፎቶ ያነሣበትን ሥፍራ ከምስሉ ጋር ሊመዘግብ ስለሚችል ይህን ማጥፋት ተገቢ ነው።

ከማጽዳት በፊት ማንሣት

ጀማሪዎች በብዛት የሚፈጽሙት ስህተት አሮጌውን ቢላዋ ማብረቅረቅ ነው። የካርቦን ብረት በዘመን ብዛት ግራጫ ወይም ሰማያዊ መልክ ይይዛል። ይህ መልክ ከቀይ ዝገት የተለየ ነው፤ ብረቱን አይበላም፣ ዕድሜውንም ይመሰክራል። በሻካራ ነገር ሲፈገፈግ ከእሱ ጋር የማኅተሙ ፊደላትም ይሳሳሉ። ስለዚህ ማንኛውም ጽዳት ከመጀመሩ በፊት ፎቶ ይነሣል።

የጣት አሻራ ጨውና እርጥበት ስላለው በስለቱ ላይ ዝገት ይጀምራል። ፎቶ ከተነሣ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ስስ ዘይት መቀባት ይበቃል።

ቢላዋን በቆዳ ሰገባው ውስጥ ለዓመታት መተውም አይመከርም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በተለፋበት ጊዜ የገባበት ኬሚካልም ብረትን ያዝጋል። ሰገባውና ቢላዋው ጎን ለጎን፣ ተለያይተው ቢቀመጡ ሁለቱም ይቆያሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሴሉሎይድ የተባለው የቀድሞ ፕላስቲክ እጀታ ነው። ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን በዚያው መሳቢያ ያሉትን ሌሎች ቢላዋዎች ያዝጋል። በቀላሉ እሳት የሚይዝም ስለሆነ ለብቻው፣ አየር በሚያገኝና ሙቀት በሌለበት ቦታ ይቀመጣል።

በአንድ አገር ቅርስ፣ በሌላው ወንጀል

ሰብሳቢነት ከሕግ ጋር የሚጋጨው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከቤት ሲወጣ ነው።

በብሪታንያ አንድ ሰው ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ይዞት ሊንቀሳቀስ የሚችለው የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች ወይም 7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን መያዝ እስከ አራት ዓመት እስር ሊያስከትል ይችላል። ‘ዞምቢ’ በሚል ስም የሚታወቁት ቢላዋዎች ደግሞ ከመስከረም 24/2024 ጀምሮ በቤት ማስቀመጥም ጭምር ተከልክሏል።

በጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢንና ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የማይታጠፍ ቢላዋን ያለ አግባብ ያለው ምክንያት በአደባባይ መያዝ አይፈቀድም።

የቢላዋ ከተማ እየተባለች የምትጠራው ዞሊንገን፣ ስሟ በሌላ ቦታ በተሠራ ስለት ላይ እንዳይጻፍ ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀላት ናት። የጀርመን የስለት ቤተ መዘክርም እዚያው ይገኛል። ነሐሴ 23/2024 ከተማዋ የተመሠረተችበትን 650ኛ ዓመት በምታከብርበት በዓል ላይ አንድ ሰው በቢላዋ ጥቃት አድርሶ ሦስት ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ጀርመን ሕጓን አጠበቀች፤ በሕዝባዊ በዓላት ቢላዋ ይዞ መገኘትንም ከለከለች።

በአሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቁልፍ ሲነካ ተስፈንጥሮ የሚከፈት ሰንጢን በግዛቶች መካከል መነገድን የሚገድበው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1958 ነው። በአንጻሩ ኒውዮርክ በእጅ ውርወራ የሚከፈቱ ሰንጢዎችን መያዝ የሚከለክለውን የቆየ ሕጓን በ2019 አንሥታለች።

በአውሮፕላን ሲጓዙ ደግሞ በአጠቃላይ ቢላዋ በእጅ ሻንጣ አይገባም። ከመስከረም 11/2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ይህ ቁጥጥር ሲጠብቅ፣ በአየር ማረፊያዎች ብዙ ሰንጢ ይሸጥ የነበረው ቪክቶሪኖክስ ገበያው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር።

እነዚህ ሕጎች በየጊዜው ይለወጣሉ። ቢላዋ ከመግዛት፣ ከመላክ ወይም ይዞ ከመጓዝ በፊት የሚኖሩበትን አገር የፖሊስና የጉምሩክ መመሪያ መመልከት ያስፈልጋል።

እጀታው ከምን ተሠራ?

አንዳንድ ጊዜ ችግር የሚያመጣው ስለቱ ሳይሆን እጀታው ነው።

በየመን ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ጃምቢያ የተባለ ቆልማማ ጩቤ ክብሩ ከእጀታው ይመነጫል፤ እጅግ የሚከበረውም ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራው ነበር። በ1970ዎቹ የቀንዱ ፍላጎት ሲጨምር በአፍሪካ አደኑ በረታ። በ1970 ገደማ 65 ሺህ ይገመት የነበረው የጥቁር አውራሪስ ቁጥር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 2,400 ገደማ ወረደ። የመን በ1982 ቀንዱን ማስገባት ከለከለች። ለአውራሪሱ መመናመን ግን ጩቤ ብቸኛው ምክንያት አልነበረም፤ በእስያ ለባህላዊ መድኃኒት የነበረው ፍላጎትም ድርሻ ነበረው።

በጎረቤት ኦማን ኻንጃር የተባለው ጩቤ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ይታያል፤ አሠራሩና ማኅበራዊ ልማዱም በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

የአውራሪስ ቀንድና የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ዛሬ በስምምነት የተገደበ ነው። እጀታው ከእነዚህ የተሠራ ዕቃ፣ የቆየ ውርስ ቢሆን እንኳ፣ ያለ ተገቢ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር ሊወረስ ይችላል።

ስም ያልታተመባቸው ስለቶች

ይህ ማስጠንቀቂያ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። በቀድሞ ዘመን የተሠሩ በርካታ የኢትዮጵያ ጎራዴዎች እጀታቸው የአውራሪስ ቀንድ ነው።

ስለታቸው ደግሞ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ብዙ የጎራዴ ስለቶች ከአውሮፓ፣ በተለይም ከዞሊንገን፣ ይመጡ ነበር። ከእነዚህ መካከል የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ። በእነሱ ላይ የሠሪውን ምልክት ማግኘት ይቻላል።

በአገር ውስጥ በተሠሩት ላይ ግን ስም የለም። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻውንም፣ ካራውንም፣ ጦሩንም የሚሠራው ባለ እጅ በብዙ አካባቢ ‘ቡዳ’ እየተባለ ይገለል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱትም የንቀቱ ሥር ጥልቅ ስለነበር ነው። የሼፊልድ ሠሪ ምልክቱን በማኅበር ሲያስመዘግብ፣ የኢትዮጵያው ባለ እጅ ሥራው ተፈልጎ ስሙ የማይፈለግ ሰው ነበር።

በመሆኑም አፋሮች በወገባቸው የሚታጠቁትን ጊሌ የተባለ ሁለት ስለት ያለው ቆልማማ ጩቤ፣ ወይም ለበዓል ከሣጥን የሚወጣውን የቤተሰብ ካራ፣ ከማኅተም ማንበብ አይቻልም። የሚነበበው ከቅርጹ፣ ከሰገባው ስፌት፣ ከእጀታው ቁስና ከሁሉም በላይ ከባለቤቱ አንደበት ነው።

ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች ያዳበሩት የፎቶግራፍ ልማድ በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚጠቅመው። ዕቃውን ማጓጓዝ ሁልጊዜ አይቻልም። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የተቀባዩ አገር ጉምሩክም የራሱ ሕግ አለው።

ፎቶግራፍ ግን ይሻገራል። ጩቤው ባለበት አገር፣ ባለበት ቤት፣ በመስኮት ብርሃን በሁለቱም ጎኑ ሊነሣ ይችላል። የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት እያሉ የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሠራው፣ የት መንደር እንደተሠራና ምን እንደዋለበት ተጠይቀው ቃላቸው ከምስሉ ሥር ሊጻፍ ይችላል።

የባለ እጁን ስም የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ ደግሞ፣ ያ ስም በብረቱ ላይ ያልታተመው ማኅተም ይሆናል።